ለልጆች ሙዚቃ ማስጀመሪያ የቱ ይሻላል? ድምፅ፣ ከበሮ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ ሪኮርደር ወይስ ኪቦርድ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ እንጅባራ፣ ልጁን ሙዚቃ ማስጀመር የፈለገ ወላጅም ሆነ ጥቂት ብር የተፈቀደለት መምህር ጥያቄው አንድ ነው፦ «ምን ልግዛ?» ነጋዴው እጁ ላይ ያለውን ያሞግሳል። ጎረቤት ለልጁ የገዛውን ይመክራል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር ደግሞ አብዛኛው ፒያኖ ቤቱ ላለ፣ መብራት ለማይጠፋበት ሰው የተጻፈ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ትምህርቱን መለየት ነገሩን ያቀለዋል። ልጁ መጀመሪያ እንዲይዝ የሚፈለገው ምንድን ነው? የማይዋዥቅ ምት? የድምፅ ከፍታና ዝቅታ? ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ? ቀስና ጠንከር ማለት? ወይስ አውራጅና ተቀባይ ተራቸውን የሚጠብቁበት የዘፈን አሠራር? እያንዳንዱ መሣሪያ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ይሸፍናል። ከበሮ ቅኝት አያስተምርም። ዋሽንት አፉ ላይ ያለ ልጅ መዝፈን አይችልም። ኪቦርድ ደግሞ የልጁ ጆሮ ሳይሠራ ትክክለኛውን ድምፅ ያወጣል፤ ይህ ምቾት የሚመስለው ነገር ነው ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን የሚያጓድለው።

ምክሩ ከ4 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ በብር አልጠቀስንም፤ «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» እያልን አንዱን ከሌላው ጋር ብቻ አነጻጽረናል።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የበለጠ ክብደት የሰጠነው «አፍን ነጻ ይተዋል ወይ?» ለሚለው ነው። ልጅ የሰማውን ድምፅ በራሱ ጉሮሮ ካላወጣው ጣቱ ይለምደዋል እንጂ ጆሮው አይዘውም። እየዘፈኑ የሚጫወቱት መሣሪያ ሁለቱን ባንድ ላይ ያሠለጥናል።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ደህና ድምፅ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ይመጣል። የስድስት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ካልተሳካለት ሁለተኛ አያነሳውም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይታገሣል።

መሣሪያውን ማን ይቃኘዋል? ሳይቃኝ የሚሰጥ ክራር ልጁን የተሳሳተ ቅኝት ያስለምደዋል፤ ይህ ክራር ካለመኖሩ ይብሳል። ሌላው የልጆቹ ብዛት ነው፤ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ልጅ የሚሆነው ሃምሳ ልጅ ለተቀመጠበት ክፍል አይሆንም። በመጨረሻም ጥገናና አየር ጠባይ አለ። የጎጃም ክረምት ቆዳ ያረጥባል፣ በጋው ቀርቀሃ ይሰነጥቃል፤ የተበጠሰ ክር እዚያው ከተማ ካልተገኘ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

የልጁ የራሱ ድምፅ

ወጪ የለውም፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ስህተት የሚሠራበት እዚህ ነው። ዋናው ስህተት ዝቅ ብሎ መጀመር ነው። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በምቾት የሚዘፍነው ከመካከለኛው ዶ (ኪቦርድ መሐል አካባቢ ካለው) ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ድረስ ባለው ነው፤ ድምፆቹ በተራ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ስለሚባሉ በኪቦርድ አምስት ነጭ ቁልፍ ያህል ብቻ። ከ7 እስከ 9 ሲሆን ከመካከለኛው ዶ እስከ ላይኛው ሬ ይሰፋል። ወንድ መምህር በራሱ ወፍራም ድምፅ ሲያወርድ ልጆቹ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ፣ መቀበል ሲገባቸው ወደ እሱ ለመውረድ ይታገላሉ፤ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ዜማው ወደ ንግግር ይለወጣል። መፍትሔው መነሻውን በክራር ወይም በስልክ ማሰማት፣ ወይም ዜማ በትክክል የምትይዝ አንዲት ልጅ አውራጅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጩኸትን እንደ ዘፈን መቁጠር ነው። ሆያ ሆዬ ለምትና ለአውራጅ ተቀባይ ሥርዓት የሚተካከለው የለም፤ ዱላው መሬት ሲመታ ምቱ ራሱ ይታያል። ግን ደጅ ላይ በጩኸት የሚባል ስለሆነ የድምፅ ከፍታ ለማስተማር አይመችም። ለዚያ የልጃገረዶቹ አበባየሆሽ በለሰለሰ ጭብጨባ ይሻላል። ቡሄ ነሐሴ 13፣ እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ሁለቱንም በጉሮሯቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዚህ መጀመር ግማሽ ሥራ ያስቀራል።

የድምፅ ከፍታን ለማስያዝ በሁለት ድምፅ ይጀመራል፦ ሶል እና ሚ። መምህሩ «ሶል–ሚ» ሲል ልጆቹ ይመልሳሉ፤ ከዚያ «ሶል–ሶል–ሚ»፣ ከዚያ «ሚ–ሶል»። ሦስት አራት ክፍለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ላ ይጨመራል፤ ዶ እና ሬ በመጨረሻ ይመጣሉ። ይህን ቅደም ተከተል ያስፋፋው የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) እና ተከታዮቹ ናቸው፤ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያሳዩት የእጅ ምልክቶች ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በጆን ከርወን የተስፋፉ ናቸው። ዶ ጭብጥ እጅ ወገብ አካባቢ፣ ሬ ወደ ላይ ያዘነበለ መዳፍ፣ ሚ መሬት የሚያይ ጠፍጣፋ መዳፍ፣ ሶል ወደ ደረት የዞረ መዳፍ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ላ ከአንጓው የተንጠለጠለ እጅ ነው። አምስቱ ሲደረደሩ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ የኛው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይሆናሉ። ስለዚህ የሀንጋሪውን መንገድ ለመከተል የሀንጋሪ ዜማ መዋስ አያስፈልግም።

ድምፁ አልገጥም ያለ ልጅ ሲኖር «አንተ ዝም በል» ማለት ትምህርቱን እዚያው ይገድለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጆሮ አይደለም፤ ልጁ የላይኛውን ቀጭን ድምፁን ገና አላገኘውም። እንደ አምቡላንስ «ኡ» እያለ ከታች ወደ ላይ ያንሸራት፤ የጓደኞቹ ድምፅ ጋ ሲደርስ «እዚያው ቁም» ይባላል።

ከበሮና የምት መሣሪያ

ምት ከድምፅ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ እንዲያውም ለአራት ዓመት ልጅ እኩል ነው። እውነተኛ ከበሮ አንድ በቂ ነው። ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ «ወፍራም–ቀጭን» የሚለውም አብሮ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ንዋየ ቅድሳት ስለሆነ ለክፍል ጨዋታ መዋስ አይገባም፤ ባዶ ጀሪካን ለዚህ ይበቃል። ባለ 20 ሊትሩ ወፍራም፣ ባለ 5 ሊትሩ ቀጭን ይሰጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ማንኪያ ጤፍ፣ በሌላው ሁለት ማንኪያ በቆሎ ቢጨመር ለስላሳና ሻካራ ድምፅን ማለያያ ይሆናል። ክዳኑ በፕላስተር ይታሸግ፤ የአራት ዓመት ልጅ መክፈቱ አይቀርም።

ቆጠራውን ከ1 እስከ 4 ከማስገደድ በቃል ማስያዝ ይቀላል። አንድ ምት «ጤፍ»፣ ለሁለት ሲከፈል «ዶ–ሮ»፣ ለሦስት ሲከፈል «ገ–በ–ታ»። ቃሉ ሲመረጥ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል የሌለበት ይሁን፤ «ቡና» ብትሉ «ና» ጠብቃ ስለምትነበብ ምቱን ትጎትታለች፣ ሁለቱ ግማሾች እኩል አይሆኑም። ሰፊው የአማርኛ ዘፈን የሚሄድበት ጭክጭካ ባለ ስድስት ስለሆነ «ገበታ ገበታ» እያሉ በ1ኛውና በ4ኛው ላይ መርገጥ ነው። የውጭ መጻሕፍት ባለ አራቱን ቀላል፣ ባለ ስድስቱን ከባድ ብለው ያስቀምጡታል። እዚህ ልጁ በሠርግ ቤት ሲያጨበጭብ ያደገው በስድስቱ ነውና ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ተገቢ ነው።

ዘወትር የሚበላሸው ፍጥነቱ ነው። ልጆች ጠንከር ሲሉ ይፈጥናሉ። በቃል «ቀስ በሉ» ማለት አይሠራም፤ እግራቸው በቦታው እየረገጠ እጃቸው ብቻ ይምታ። ቀጥሎ አራት ምት ይመቱና አራት ምት ዝም ይበሉ፣ እግሩ ግን አይቁም። ከዝምታው ሁሉም እኩል ከተመለሱ ምቱ ውስጣቸው ገብቷል። የስልክ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ መተግበሪያ) በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ምት ላይ ቢደረግ ለባለ አራቱ ይስማማል፤ ለባለ ስድስቱ ትልልቁን ምት ብቻ፣ ማለትም 1ኛውንና 4ኛውን፣ እንዲመታ አድርጉት።

በክረምት ቆዳው ሲላላ ድምፁ ይሞታል። ከመጫወት በፊት ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት ራቅ አድርጎ ማሞቅ ይበቃል፤ አስጠግቶ ማሞቅ ቆዳውን ይቀደዋል።

ክራር

ለ7 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ልጅ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ክራር ነው። ምክንያቱ ባህል መሆኑ ብቻ አይደለም። አፍ ነጻ ነው፤ ክሩ ሲነካ ወዲያው ድምፅ ይሰጣል፤ ከተቃኘ በኋላ ደግሞ ክሮቹ ራሳቸው ቅኝቱ ናቸው፣ ከቅኝቱ የወጣ ድምፅ መንካት አይቻልም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ካርል ኦርፍ (1895–1982) ልጆች እንዳይሳሳቱ ዚሎፎን ከሚባለው በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ ላይ የማይፈለጉትን ዘንጎች እያስነሳ አምስት ድምፅ ብቻ የሚተወው ለዚህ ነበር። ክራር ከሠሪው እጅ ሲወጣ ያንን ሥራ ጨርሶ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ክር ይኖረዋል። ለልጅ ባለ ስድስቱን ምረጡ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ስለሚደግም «ያው ድምፅ፣ ግን ከፍ ያለ» የሚለው ሐሳብ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ቅኝቶቹ ከዶ ሲነሡ እንዲህ ናቸው፦

- ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
- ትዝታ ማይነር፦ ከላይ በተጠቀሰው ትዝታ ሜጀር ውስጥ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ
- ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ
- አምባሰል፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ
- አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ

ልጅ በትዝታ ሜጀር ይጀምር፤ አንቺሆዬ ለመዝፈን ከሁሉም ይከብዳልና መጨረሻ ይቆይ። ጠቃሚው ትምህርት ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ነው። አንድ ዜማ በትዝታ ሜጀር ካዘፈናችሁ በኋላ፣ ልጆቹ እያዩ ሁለቱን ክሮች ብቻ በግማሽ ድምፅ ላላ አድርጉና ያንኑ ዜማ ድገሙት። «ምን ተለወጠ?» ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ስለ ቅኝት ከሚደረግ ማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። የባህል ተጫዋቾች በጆሯቸው የሚቃኙት ከፒያኖ ግማሽ ድምፅ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የስልክ መቃኛ ለጀማሪ መምህር መነሻ ነው፤ ነባር ተጫዋች ካለ ግን የእሱን ጆሮ ተከተሉ። መተግበሪያው ድምፆቹን በላቲን ፊደል ስለሚያሳይ የየክሩን ፊደል በወረቀት ጽፎ እንጨቱ ላይ መለጠፍ ድካም ይቀንሳል።

አጨዋወቱን በተመለከተ፣ በመግረፊያ እየገረፉ ያልተፈለጉትን ክሮች በግራ ጣቶች ማፈን ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይከብዳል። መጀመሪያ ክፍሉ ሲዘፍን ልጁ ዶን ብቻ በየምቱ በጣቱ ይንካ። ሲለምድ ዶ እና ሶልን ያፈራርቅ። ከዚያ «ሶል–ሚ» ሲባል ፈልጎ ይመልስ። ክሮቹን የመደርደር ቅደም ተከተል ከመምህር መምህር ሊለያይ ስለሚችል፣ ልጁ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ራሱ በጆሮው ፈልጎ ቁጥር እንዲሰጣቸው ማድረግ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በተለይ ባሕር ዳር ለጎብኚ ተብለው ያጌጡ ክራሮች ስለሚሸጡ። ግድግዳ ላይ ያምራሉ፣ ቅኝት ግን አይዙም። ከመክፈል በፊት አስቃኙት፣ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፣ ደግማችሁ አድምጡ፤ ከወረደ ክሩ የሚጠመጠምበት አግዳሚ እንጨት ወይም መቃኛው አይይዝም ማለት ነው። አግዳሚውን በእጅ ስትጠመዝዙት መንቀሳቀስ የለበትም። ቆዳው እጥፋትና ስንጥቅ አይኑረው፤ ክሮቹን ከፍ የሚያደርገው እንጨት አጭር ሆኖ ክሩ ቆዳውን ከነካ ይጮኻል። አዲስ የናይለን ክር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስለሚሳብ ደጋግሞ መቃኘት ግድ ነው፤ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። የብረት ክር ድምፁ ይጎላል፣ የትንሽ ልጅ ጣት ግን ያማል። ክራርን ከምድጃ በላይ መስቀል ቆዳውን ያደርቀዋል። ለረጅም ጊዜ ሳትጫወቱበት የምትቆዩ ከሆነ ክሮቹን ጥቂት አላሉ።

ዋሽንት

በጎጃም ዋሽንት ሩቅ አይደለም፤ የእንጅባራ አካባቢ ደጋማ ቀርቀሃ የታወቀ ነው፣ ዕቃውም የእረኛ ነው። አብዛኛው አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም ሲደፈን አንድ፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፈት አራት፣ በድምሩ አምስት ድምፅ፤ አንድ ሙሉ ቅኝት። ጠንከር ተብሎ ሲነፋ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ይዘላል።

ችግሩ የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ጫፉን በከንፈር ጥግ አዘንብሎ ትንፋሹን ጠርዙ ላይ መስበር ያስፈልጋል፤ ለብዙ ልጅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። በግድ የሚነፋ ልጅ ራሱን ያዞረዋል፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ድምፅ ሲጠፋበት ወዲያው ይበልጥ ጠንክሮ ይነፋል፣ መድኃኒቱ ግን ቀስ ብሎ መንፋትና ማዕዘኑን መለወጥ ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ ልጅ አጭር ዋሽንት ይመረጥ፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጣቱ ግን ይደርሳል።

ለክፍል ብዙ ዋሽንት የምትገዙ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ዋሽንት ቅኝቱና መነሻ ድምፁ በቀዳዳው የታሰረ መሆኑን አትርሱ። ከሁለት ሠሪ የተገዛ ሁለት ዋሽንት አብሮ ሲነፋ ይጋጫል። ከአንድ ሠሪ፣ አንድ ላይ አስነፍታችሁ ግዙ። ከውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ የሚሠራው በበጋ አይሰነጠቅም፣ በሳሙናም ይታጠባል፤ ለጀማሪ ከቀርቀሃው ይመረጣል። ቀርቀሃው ተጠርጎ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። አንዱን ለብዙ ልጅ ማፈራረቅ ግን አይገባም።

ማሲንቆ

አንድ ክር፣ የፈረስ ጭራ፣ ደጋን። የጣት ቦታ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ ጣቱ ክሩን ጎኑ ላይ ነክቶ ድምፁን በጆሮ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ጆሮን ከሁሉም አብልጦ ያሠለጥናል፣ በዚያው ልክ ጀማሪን ያስመርራል። ከ10 ዓመት በታች ለመጀመሪያ መሣሪያነት አንመክረውም። ለክፍል ግን አንድ አዝማሪ ጋብዞ የልጆቹን ዜማ በማሲንቆው እንዲመልስላቸው ማድረግ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መሣሪያ ሰው እንደሚዘፍነው መናገር እንደሚችል ያዩበታል። የሚገዛ ሰው ደጋኑ ላይ ሙጫ ካልታሸ ጭራው እንደሚንሸራተትና ድምፅ እንደማይወጣ ይወቅ፤ «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ማሲንቆ ስንቱ ሙጫ ብቻ ያጣ ነው። በአዊ የፈረስ ጭራ አይጠፋም።

በገና ስለሚጠየቅ አንድ ቃል፦ ባለ አሥር ክር፣ ትልቅና ከባድ፣ ለጸሎትና ለጾም የሚደረደር ነው። ልጁ ሊማረው ከፈለገ መምህር ጋ ይሂድ፤ ለምትና ለከፍታ ማስተማሪያነት መግዛት ግን ቦታው አይደለም።

ሪኮርደር

ፕላስቲክ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲነፉት ወዲያው ይጮኻል፣ መቃኘት አያስፈልገውም። ከዋሽንት የሚበልጥበት ይኸው ነው። ግራ እጅ ከላይ ሆኖ በሲ፣ ላ፣ ሶል ይጀመራል። ከታች ሚ እና ሬ ሲጨመሩ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ተሟሉ ማለት ነው፤ ከሶል የሚነሣ ትዝታ ሜጀር። የታችኛው ሬ ሲነፋ ሲጢጥ ካለ አንድ ጣት ቀዳዳውን በደንብ አልደፈነም። ለክፍል ሲገዛ ሁሉም አንድ ዓይነት የጣት አደፋፈን ይኑራቸው፤ የጀርመንና የባሮክ የሚባሉት ፋ ላይ ይለያያሉ፣ ተቀላቅለው ከተገዙ መምህሩ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ያስተምራል። ሠላሳ ሪኮርደር በቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ ጆሮ ይበሳል፤ በአምስት በአምስት አስነፉ።

ኪቦርድ

ከፍታና ዝቅታ በዓይን የሚታይበት፣ ቅኝቱ የማይዛባ፣ አፍንም ነጻ የሚተው ነው። ዋጋው ግን ከሁሉም ከፍተኛ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለውም አንድ ልጅ ነው። ከገዛችሁ ባለ 61 ቁልፍ ይሁን፤ ባለ 37 ትንንሹ ቁልፍ ጣት ያጠብባል። ሲነካ ቀስና ጠንከር የሚለይ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ሞክሩ፤ ካልለየ ስለ ድምፅ ጉልበት ምንም አያስተምርም። በባትሪም የሚሠራ ይመረጥ።

ለኛ ዜማ የሚመቸው ጥቁሮቹ ቁልፎች ናቸው። ሦስት ከሆኑት ጥቁሮች ከግራው ጀምሮ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ሲነካ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ሁለት ከሆኑት ጥቁሮች ከቀኙ ሲጀመር ደግሞ እነዚያው ቁልፎች ባቲ ማይነር ይሰጣሉ። ነጩን በጨርቅ ሸፍናችሁ ልጁ በጥቁሩ ብቻ ይፈልስፍ። አውቶማቲክ አጃቢውን ግን አጥፉት፤ ልጁ አንድ ጣት ሲያሳርፍ ኦርኬስትራ ከተነሣ፣ የሚጫወተው ማሽኑ ነው። የስልክ ፒያኖም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለመቃኛና ለሜትሮኖም እንጂ ለልጅ ጣት አይሆንም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከስንት ዓመት | አጉልቶ የሚያሳየው | እየዘፈኑ መጫወት | የመጀመሪያ ድምፅ | ለብዙ ልጅ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ድምፅና ጭብጨባ | 4 | ከፍታ፣ አውራጅ–ተቀባይ | — | ወዲያው | እጅግ ይመቻል | የለውም |
| ከበሮ፣ ጀሪካን | 4 | ምት፣ ፍጥነት፣ ጉልበት | ይቻላል | ወዲያው | ይመቻል | ከምንም እስከ መካከለኛ |
| ክራር | 7 | ቅኝት፣ ኦክታቭ | ይቻላል | ወዲያው (ከተቃኘ) | በተራ | መካከለኛ |
| ዋሽንት | 9 | ቅኝት፣ ትንፋሽ | አይቻልም | ቀናት–ሳምንታት | ቅኝቱ ከገጠመ | ዝቅተኛ |
| ማሲንቆ | 10 | ጆሮ | ይቻላል፣ ግን ይከብዳል | ሳምንታት | አይመችም | መካከለኛ |
| ሪኮርደር | 8 | ከፍታ፣ ጽሑፍ ማንበብ | አይቻልም | ወዲያው | በቡድን | ዝቅተኛ |
| ኪቦርድ | 6 | ከፍታ በዓይን | ይቻላል | ወዲያው | አይመችም | ከፍተኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ከ4 እስከ 6 ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ምንም አትግዙ። በቀን አሥር ደቂቃ ዘፈን፣ አንድ ጀሪካን፣ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ። አሻንጉሊት መሳይ ጊታርና ፒያኖ የሚሸጠው ለዚህ ዕድሜ ነው፤ አብዛኛው ቅኝቱ የተዛባ ስለሆነ ይጎዳል።

በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ሃምሳ ልጅ የሚይዝ መምህር፣ በጀቱ አነስተኛ ከሆነ አንድ ደህና ክራርና አንድ ከበሮ ይግዛ፣ የቀረውን በጀሪካን ይሙላ። አርባ ደቂቃው ውስጥ ከበሮው ጋ አንድ፣ ክራሩ ጋ አንድ፣ ጀሪካን ላይ ስድስት፣ ሌላው ሁሉ ዘፋኝ ሆኖ በየዘፈኑ ማብቂያ ይዟዟሩ። ሃያ ርካሽ መሣሪያ ከመግዛት ይህ ይበልጣል፤ ሃያ ያልተቃኘ ነገር አንድ ሰው ሊቆጣጠር አይችልም። ክራር የሚቃኝ ሰው ጭራሽ ከሌለ ግን ክራሩን ትቶ አንድ ዓይነት ሪኮርደሮች መግዛት ይሻላል።

ከ7 እስከ 9 ዓመት ያለ አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ክራር። መብራትም ገንዘብም ካለ፣ በተለይ ልጁ በኋላ ኖታ ማንበብ ከፈለገ ኪቦርድ፤ ግን ሳይዘፍን እንዳይጫወት። ኪቦርድ ቀድሞ ቤት ካለ ክራር ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ጥቁሮቹን ቁልፎች ተጠቀሙባቸው።

ልጁ 10 ዓመት ካለፈና «ዋሽንት» ወይም «ማሲንቆ» ብሎ በስሙ ከጠራ እሱኑ ግዙለት። በዚህ ዕድሜ ፍላጎት ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ይከብዳል። ብቻ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ጆሮውን የሚያርም ተጫዋች ፈልጉ።

በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ የሚቀጽል ልጅ ደግሞ ከዜሮ አይጀምርም። ሰምቶ መመለስን ለምዷል፤ ድፋት፣ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ የመሳሰሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ ተቀምጠው ዜማውን እንደሚመሩም ያውቃል። ኖታ ማለት ምን እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት ከሌላው ልጅ በጣም ይቀላል። ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር የክራሩን ቅኝት «ያው ነው» እያሉ ማምታታት ግን አያስፈልግም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይሂዱ።

ሁለተኛ መሣሪያ የሚጨመረው መቼ ነው? ልጁ የሚያውቀውን ዜማ እየዘፈነ ሳለ በእጅ ምልክት ዝም አሰኙት፤ ስምንት ምት በልቡ ይቁጠር፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥል። በዚያው ድምፅና በዚያው ፍጥነት ከገባ መግዛት ትችላላችሁ። ድምፁ ከወረደ ወደ ሶል–ሚ ልምምድ፣ ከፈጠነ ወደ ጀሪካኑ ይመለስ።